ጄኔራሏ ጀልባ የተሳፈሩ ዕለት

መጋረጃ ቤቱ ውስጥ ሥራ በዝቶ የከረመበት ወቅት ነበር። ለአንድ አዲስ ሆቴል መጋረጃ ሲቆረጥ፣ ሲሰፋ፣ ሲተኮስ ሠራተኛው ሁሉ ወገቡ ጎብጦ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሰነበተ። የመጨረሻው ጥቅል ተጭኖ የሄደ ዕለት የቤቱ ባለቤት መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና፣ «የፊታችን ቅዳሜ ማንም መርፌ አይነካም። ሐይቅ ዳር ሄደን ድንኳን ተክለን እናድራለን። መቅረት የለም» አለች።

ሁሉም ደስ አለው። ቆራጯ ብቻ መቀሷን ወደ መሳቢያ እየከተተች፣ «እኔን እንኳ ይለፈኝ» አለች።

«ለምን?»

«እማማን የት ጥዬ?»

እማማ የምትላቸው አማቷን ነው። ባሏ በሕመም ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ልጅ አልወለዱም፤ አሮጊቷም ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ያኔ ዘመድ አዝማዱ፣ «አንቺ ወደ ቤተሰቦችሽ፣ እሳቸው ወደ እህታቸው» እያለ ሲመክር ሁለቱ ሴቶች እሺም እምቢም ሳይሉ እንዲሁ እንደዋዛ አንድ ላይ ቀሩ። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ሶፋና ምድጃ፣ በኋለኛው ሁለት አልጋ፣ ከአልጋዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ የልጁ ፎቶ። ጠዋት ምራት ወደ ሥራ ስትሄድ አማት እስከ ደጅ ይሸኟታል። ማታ ስትመለስ ገና ደፉን ሳታልፍ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን አስከፋሽ?» ይሏታል። ፊቷን አይተው ያውቃሉ።

«ይዘሻቸው ነያ ታዲያ» አለች የቤቱ ባለቤት። «ጄኔራሏ ካሉ እንዲያውም ሥርዓት ይኖረናል።»

ይህን ስም ያወጡላቸው መጋረጃ ቤቶቹ ናቸው። አንድ ቀን ለምራታቸው ምሳ ሊያደርሱ መጥተው፣ ወለሉ ላይ የተዝረከረከውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አይተው፣ ሠራተኛውን በሙሉ አስነሥተው አስጠርገውት ሄዱ። ባለቤቷንም ጭምር።

ቆራጯ ያልተናገረችው ሌላ ምክንያት ነበራት። የስፌት ማሽኖቹን የሚጠግነው መካኒክ አብሮ ይሄዳል። ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ዘይት ዘይት የሚሸቱ፣ ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የመቁረጫ ማሽኗን ስለት እየቀየረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ቡሎን አቀብይኝ እንደሚል ሰው፣ «ብንጋባ ምን ይመስልሻል?» ብሏት ነበር። «ታገሠኝ» አለችው። ታገሠ። ለአማቷ መንገር ግን እንደ ተራራ ከበዳት። የልጃቸውን ፎቶ እያዩ ለሚተኙ እናት ሌላ ሰው ወደድኩ በምን አፍ ይባላል? ደግሞስ እሷ ስታገባ እሳቸው የት ይገባሉ? ይህን ባሰበች ቁጥር ነገሩን ለነገ ታሳድረዋለች። ነገም ሲደርስ ለነገ።

አሮጊቷ የጉዞውን ወሬ ሲሰሙ፣ «ቤት ያለው ሰው ምን ጎድሎበት ጨርቅ ውስጥ ያድራል?» ብለው አላገጡ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከምራታቸው ቀድመው ለብሰው ደጅ ቆመው ተገኙ፤ ትራሳቸውን አቅፈው፣ ማንቆርቆሪያ በፌስታል አንጠልጥለው፣ በዚያ ፀሐይ ወፍራም ካፖርታቸውን ደርበው።

ሐይቁ ሰፊ ነበር። ማዶው በጭጋጉ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። መጋረጃ ቤቶቹ፣ ጨርቅ በእጃችን ነው ብለው የተማመኑ ሁሉ፣ ድንኳን መትከል መጋረጃ እንደ መስቀል እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው። አንዱ ሲቆም ሌላው ይወድቃል። ቁልፍ ሰፊዋ የራሷ ድንኳን ውስጥ ተጠቅልላ መውጫው ጠፍቷት በሳቅ ትንፈራፈራለች። ጄኔራሏ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ወደዚህ ሳበው፣ ወደዚያ ልቀቀው» እያሉ ያዛሉ፤ እሳቸው ያዘዙበት ድንኳን ከሁሉም ጠመመ። መካኒኩ ግን ድምፁን ሳያሰማ ለቆራጯና ለአማቷ የሚሆነውን ተከለ። መሬቱ ላይ ያለውን ጠጠር ለቀመ፤ ደረቅ ሣር አምጥቶ አሮጊቷ በሚተኙበት በኩል ጎዘጎዘ።

አመሻሽ ላይ እሳት ተቀጣጥሎ ሻይ ተፈላ። ብርጭቆ የሚያድለው መካኒኩ ነበር። ሁሉንም «ስኳር ስንት ይሁን?» እያለ ይጠይቃል። ቆራጯ ጋ ሲደርስ ሳይጠይቅ ግማሽ ማንኪያ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ዘረጋላት። እሷም ቀና ሳትል ተቀበለችው።

አሮጊቷ አዩ። ሻያቸውን ፉት እያሉ እሳቱን ሲያዩ አመሹ፤ ሊተኙ ሲገቡም ከ«ደህና እደሪ» በቀር ቃል አልወጣቸውም። ምራታቸው ደክሟቸው ነው ብላ ተወችው።

በማግስቱ ቁርስ ተበልቶ ዕቃው ገና ሳይታጠብ፣ አሮጊቷ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መካኒኩ ፊት ቆሙ።

«አንተ፣ ጀልባ መቅዘፍ ትችላለህ?»

«ትንሽ ትንሽ፣ እማማ።»

«ትንሹ ይበቃናል። ና ውሰደኝ።»

ቆራጯ ሳህን በእጇ እንደያዘች ክው አለች። «እማማ፣ እኔም ልምጣ» አለች።

«አንቺ ሳህንሽን እጠቢ።»

ጀልባ የሚያከራየው ሰውዬ ለሁለቱም ተንሳፋፊ ጃኬት ሰጣቸው። መካኒኩ ለበሰ። አሮጊቷ የራሳቸውን አጥፈው ተቀመጡበት። እንዲለብሱት ቢለምናቸው፣ «መቀመጫው ይቆረቁራል» ብለው ዘጉት።

አሮጊቷ ከዳርቻው ራቅ እስኪሉ ጠበቁ። ቀጥለውም፣ «ምራቴን ትፈልጋታለህ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

መቅዘፊያው ውሃው ላይ ቆመ። «አዎ» አለ መካኒኩ።

«እሷስ?»

«ታገሠኝ ብላኛለች።»

«እና ምንድን ነው የምትጠብቁት? የእኔን ሞት?»

«ኧረ እማማ» አለ መካኒኩ፤ ፊቱ ቀላ። ጥቂት ቀዘፈና እንደገና ቆመ። «እውነቱን ልንገርዎት። መጀመሪያ አካባቢ አማቷ መሆንዎን አላውቅም ነበር። ሥራ ቦታ እናቴ ነው የምትልዎት። ‹እናቴን አሟታል፣ ቀድሜ ልውጣ›፣ ‹ይሄን ሹራብ እናቴ ናት የሠራችልኝ›፣ እንዲህ ነው ንግግሯ። የወለዷት ነበር የመሰሉኝ። አማቷ መሆንዎን የነገሩኝ ሌሎቹ ናቸው። ያን ጊዜ ደግሞ እናቷ ናቸው የሚለው ከልቤ አልወጣ አለ። ስለዚህ እሳቸውን የት እናድርጋቸው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው የሚስቱን እናት ከገዛ ቤታቸው ያስወጣል እንዴ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ውሃው መለሱ። ቤት ውስጥ እማማ ነው የምትላቸው። ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ መንገደኛውም እማማ ይላቸዋል። እናቴ ስትል በጆሯቸው ሰምተው አያውቁም። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራቸው ያለ አልመሰላቸውም ነበር።

«ይሄ ነፋስ ዓይኔን አስለቀሰኝ» አሉ በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ነፋሱስ እውነትም ተነሥቶ ነበር። ሁለቱም በወሬው ተይዘው ልብ አላሉትም። ዳርቻው አጠገብ ለጥ ብሎ የነበረው ውሃ መሀሉ ላይ ሲደርሱ መንቦጫረቅ ጀምሯል። መካኒኩ ጀልባዋን ወደ ሰፈሩ ሊያዞር ሲታገል አንዱን መቅዘፊያ ማዕበል ከእጁ ነጠቀው። ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ መቅዘፊያውም እያዩት ተንሳፎ ሄደ። በቀረው አንድ መቅዘፊያ ቢቀዝፍ ጀልባዋ ባለችበት መዞር ሆነ ሥራዋ። ነፋሱ ወደ ውሃው ሾልኮ ከገባው ኮረብታ ጀርባ እየገፋ ወሰዳቸው፤ ድንኳኖቹም ከዓይን ጠፉ።

«ዋና ትችላለህ?» አሉ አሮጊቷ።

«አልችልም።»

«አልችልም? ታዲያ እኔን አሮጊቷን ምን ብለህ ይዘኸኝ ወጣህ?»

«እርስዎን እምቢ ማለት ከመስጠም የባሰ መሰለኝ።»

አሮጊቷ ሳይወዱ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ማዕበል ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። መካኒኩ ጃኬቱን ከሥራቸው መዝዞ አለበሳቸው። በዚህ ጊዜ አልተከራከሩም።

ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ ጀልባዋን ከኮረብታው ማዶ ደንገል ውስጥ ቀረቀራት። መሬቱ ቅርብ ነው፤ ግን ጀልባዋ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለች፤ ውሃም በጎኗ እየገባ ነው። መካኒኩ ጠርዙን ይዞ ወረደ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠው፣ ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ጫማዎቹ ከሥር እንደተያዙ ቀሩ። ጀልባዋን ሲገፋ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የሸሚዙን ኮሌታ በሁለት እጃቸው ጨመደዱት።

«እንዳትሄድብኝ» አሉት።

ይህን ቃል ከዚያ በፊት ያሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለነበረው ልጃቸው።

«አልሄድም» አለ መካኒኩ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ኮሌታዬን ብቻ ላላ ያድርጉልኝ፣ አነቁኝ።»

በሰፈሩ በኩል ደግሞ ጀልባዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትጠፋ ሳህኖቹ እንደተበተኑ ቀሩ። የቤቱ ባለቤት ሞተር ጀልባ ፍለጋ ወደ አከራዩ ሮጠች። ቆራጯ ግን መጠበቅ አልቻለችም። በእሾሁም በድንጋዩም የሐይቁን ዳር ይዛ ሮጠች፤ ቁልፍ ሰፊዋ «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» እያለች ከኋላዋ ተከተለች። ወድቃ ተነሣች። መዳፏ ተላጠ። ስትሮጥ አንዱን ሀሳብ ከሌላው ማስቀደም አቅቷት፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ካጣሁስ እያለች ነበር።

ኮረብታውን ስትዞር መካኒኩ በባዶ እግሩ፣ ጭቃ እንደለበሰ፣ አሮጊቷን በጀርባው አዝሎ ከደንገሉ ሲወጣ አየችው። አሮጊቷ በጆሮው፣ «አውርደኝ፣ ሰው እያየን ነው» ይሉታል። እሱ እያለከለከ መራመዱን ቀጠለ።

ቆራጯ ፊታቸው ደርሳ ቆመች። ከዚያ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ያቺ ለሰው ቀና ብላ የማትናገር ሴት ጮኸች።

«ምን ሆነው ነው? ጀልባ ምን ያደርግልዎታል? ሲሳፈሩም ጃኬቱን እንኳ አልለብስ ብለው... እኔ ማን አለኝ? ማን አለኝ ብለው ነው?» ወደ መካኒኩም ዞረች። «አንተስ? ሲሉህ ትሄዳለህ? አፍ የለህም?»

ሁለቱም እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አቀረቀሩ። እሷም እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ኋላ ድንኳኑ ውስጥ ቆራጯ አማቷን በፎጣ ስታደርቅ፣ አሮጊቷ እጇን ያዙ። የተላጠውን መዳፏን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ።

ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ፈራሁ» አለች።

«እኔም ፈርቼ ነው ይዤው የወጣሁት። ትናንት ሻይ ሲሰጥሽ ሳይ፣ በቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወዴት ልሄድ ነው ስል አደርኩ። እህቴ ጋ? እሷ ራሷ ልጇ ጋ ተጠግታ ነው ያለችው።»

«የት ነው የሚሄዱት? ቤቱ የእርስዎ አይደል?»

«ቤት ብቻውን ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ስሚኝ። እውነት ነው የምነግርሽ። የልጄ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጦ ማየት ቀላል እንዳይመስልሽ። አንዳንድ ቀን ፊቴን አጠቁርበታለሁ። ነገር እፈልገዋለሁ። ያን ቀን ቻሉኝ። ከዚያ በተረፈ ግን ሰውዬው ደህና ሰው ነው። አልዋሸኝም። አልጣለኝም።»

ቆራጯ አንገታቸው ሥር ገብታ ቀረች።

«እንዲህ አድርገሽ አትጫኚኝ፣ ብርዱ ገና አልለቀቀኝም» አሉ፤ አልገፏትም ግን። «ደግሞ ጫማ ይግዛና ቤቴ መጥቶ በወጉ ይጠይቀኝ። ጀልባ ላይ የተባለ አይቆጠርም።»

መጥቶ ጠየቀ። የመጋረጃ ቤቱ ሰው ሁሉ በተገኘበት ተጋቡ፤ ሙሽራዋ የለበሰችውን ልብስ ራሷ ቆርጣ ቁልፍ ሰፊዋ ሰፋችው። መካኒኩ በፊተኛው ክፍል ጎን ሌላ አንዲት ክፍል ሠርቶ ጨመረ። አሮጊቷ ከፎቶው ሥር ካለው አልጋቸው አልነሣም ስላሉ ባልና ሚስቱ ወደ አዲሷ ክፍል ገቡ።

አሮጊቷ እንዳሉትም አደረጉ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ስሙን አልጠሩትም፤ «ያ ሰውዬ መጣ?» ነበር የሚሉት። አንድ ቀን ምክንያቱን ሳይናገሩ ምሳውን ሳያቀርቡለት ቀሩ። የልጃቸው ሙት ዓመት የዋለበት ቀን ነበር። ተነሥቶ ለራሱ አቀረበ፣ ለእሳቸውም አቀረበ፣ አጠገባቸው ዝም ብሎ ተቀምጦ በላ። አሮጊቷ አልነኩትም፤ ግን ተነሥተውም አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ሬዲዮ ሰብረው ሰጡት፤ ጠገነው። ድምፁ ጨመረ ብለው ወቀሱት፤ ቀነሰው። አሁን ደግሞ አይሰማኝም አሉት።

በቀደም ቆራጯ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ቤት ውስጥ ሲከራከሩ ከደጅ ሰማች። አሮጊቷ ጣቢያውን አንተ ነህ ያጠፋኸው ይላሉ፤ እሱ እርስዎ ነዎት ያዞሩት ይላል። ድካሙ እግሯ ላይ ቢሆንም በሩን ወዲያው አልከፈተችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ክርክራቸውን ጥቂት አዳመጠች።