የፈተንኩት ሜሞሪ

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች በሚበዙበት ሴዉን ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሮጌ የኮምፒውተር ቦርድ ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠግን እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ መሥራት ለምዷል። በዚህም ስኮራ ኖሬአለሁ።

አንድ ቀን ወደ ሱቄ የመጡት ሽማግሌ ኮንግ ዳልሱ ይባላሉ። በጋዜጣ የጠቀለሉትን ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ሦስት ሱቅ 'ሙዚየም ውሰዱት' ብለው ሳቁብኝ፣ አለቃ።"

"እነሱ የታመመ ጥርሳቸውንም ነቅለው ነው የሚጥሉት፣ አባቴ። ይቀመጡ።"

ቦርዱን ልጃቸው ሱንግሆ ተማሪ ሳለ በእጁ ነበር የሠራው። አንድ ቀን ጠዋት አባትና ልጅ ክፉኛ ተጣሉ፤ ማታ ልጁን መኪና ገጭቶ ገደለው። በመካከሉ እዚህ ቦርድ ላይ ሲጽፍ እናቱ አይታዋለች። ሜሞሪው ኃይል ከተቋረጠበት የያዘውን ይረሳል፤ ጽሑፉን ያቆየው ባትሪ ነው። ሽማግሌው አዲስ ሳይገጠም አሮጌው እንዳይነቀል እየተጠነቀቁ ባትሪውን ሠላሳ ዓመት አስቀየሩ፤ ለማስነበብ ግን ፈሩ።

"ሰማንያ ሦስት ሞላኝ። ከእንግዲህ ምን እፈራለሁ?"

የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር ሥራው ግልጽ ነው። ሜሞሪው በቁጥር የተለዩ ትንንሽ ቤቶች አሉት፤ ፕሮሰሰሩ በአሥራ ስድስት ሽቦ የአንዱን ቤት ቁጥር ይጠራል። ከዚያ በአንድ ሽቦ "ያለህን ስጠኝ"፣ በሌላው "ይኼን ያዝ" ይላል። ሜሞሪ አይከራከርም። "ያዝ" ካሉት የነበረውን ጥሎ አዲሱን ይይዛል።

ፕሮሰሰሩን አንድ አንድ እርምጃ እያስኬድኩ ከየቤቱ የወጡትን ቁጥሮች ወደ ፊደል መለስኩ። "አባባ፣ ጠዋት ስላሉኝ ነገር" ይላል።

ሽማግሌው ወንበሩን ጨበጡ። "ቀጥል እንጂ! ምን አፍህን ለጎመው?"

ቀጣዩ ቤት ትርጉም የሌለው ቁጥር ሰጠኝ። የሜሞሪውን ቺፕ ጠረጠርኩ። እኛ ዘንድ የተጠረጠረ ቺፕ ሳይፈተን መቀጠል የጀማሪ ሥራ ነው። የሜሞሪ መፈተኛ መሣሪያዬን ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ። መፈተኛው በየቤቱ የራሱን ቁጥር ይጽፍና መልሶ ያነባል፤ የጻፈውን ካገኘ አረንጓዴ ያበራል።

አረንጓዴ በራ።

"ደህና ነው?" አሉ ፊታቸው ፈክቶ።

"ደህና ነው" አልኩ። ወዲያው ገባኝ፦ መፈተኛው የራሱን ቁጥር የጻፈው በልጁ ጽሑፍ ላይ ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ! ከመጀመሪያው ቤት ጀምሬ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው የመፈተኛው ቁጥር ብቻ ነው።

ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ በወደድኩ፤ አልሰደቡኝም።

"አለቃ" አሉ፣ "'ጠዋት ስላሉኝ ነገር' ብሎ የሚጀምር ልጅ ይቅር ሊለኝ ነው ወይስ ዓይንዎን አልይ ሊለኝ?"

ልዋሽላቸው አፌን ከፈትኩ።

"አላውቅም፣ አባቴ።"

"እኔም አላውቅም" አሉ።