የሻሼ ጉሉኮስ

ማንጠግቦሽን አንበርክኬ ካላየኋት እኔ ስመኝ አይደለሁም ብዬ ምዬ ነበር።

ማንጠግቦሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዲላ፣ ጋሽ ከማሉዲን ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ቤቴ ያለችው ነፍስ ድመቴ ሻሼ ብቻ ናት። ጭንቅላቷ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች ስለምትመስል ነው ሻሼ ያልኳት። ቧንቧው ስምንት ቀን በጠፋበት ሰሞን ሻሼ ማንጠግቦሽ ቤት ገብታ ሴትዮዋ ካጠራቀመችው ባልዲ ውሃ ላሰች። አንድ ምላስ! ያቺ ሴት ከማንቆርቆሪያው የፈላውን አንስታ ጀርባዋ ላይ ደፋችባት። ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ፣ «ሲስተር፣ ለብ ያለ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ለብ ያለ! እንፋሎቱ ገና ከማንቆርቆሪያው አፍ እየወጣ!

አከራያችን ጋሽ ከማሉዲን፣ «እባክሽ ለጉርብትና ሲባል ተይው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ቁስሉስ በቅባት ዳነ። ክፋቱ፣ ሻሼ ውሃ ፈራች። ሳህን ሳቀርብላት አልጋ ስር ትገባለች፤ ጆግ ሳነሳ በመስኮት ልትዘል ትደርሳለች። መጠጣት ካቆመች በሦስተኛው ቀን የአንገቷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ብለቀው እንደተሰበሰበ ቀረ። ስንት ሕፃን እንዲህ ሆኖ እጄ ላይ አይቻለሁ፤ ሰውነቷ ውሃ ማለቁ እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። በሲሪንጅ ላጠጣት ብሞክር አውራ ጣቴን ነክሳ ደም በደም አደረገችው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እያለቀስኩም የምረግመው ማንጠግቦሽን ነበር።

በመረቅ የራሰ ፍትፍት እያበላሁ ነፍሷን አቆየሁና ሣጥኔን ስበረብር አንድ ያልተከፈተ የጉሉኮስ ላስቲክ፣ ያ ጠብታ የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ፣ አገኘሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ፣ ቂጡን በመርፌ በስቼ፣ ከመስኮቱ ሚስማር ላይ ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። ላስቲኩን ክዳኑ ላይ ሰክቼ ጠብታውን አዘገየሁ። ጠብ… ጠብ… ሻሼ ከአልጋው ስር ሆና ታየኛለች። የላስቲኩን ጫፍ ቅቤ ቀባሁት፤ አልመጣችም። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ፣ መዳፌን ቅቤ ቀብቼ ከጠብታው ስር ዘረጋሁት። ልትልስ መጣች፤ አንድ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ በረረች። ተመለሰች። ደግሞ በረረች። አምስት ቀን እንዲህ አደረገችኝ። በስድስተኛው ቀን መዳፌ ላይ የተጠራቀመውን ጥርግ አድርጋ ጠጣች። ቀስ በቀስ ከራሱ ከላስቲኩ መጠጣት ለመደች። «እሰይ የኔ እመቤት!» ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

በቀሉ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ድሮ ሻሼ ውሎዋ ማንጠግቦሽ ቤት ነበር። ከግቢው ጀርባ የቡና መጋዘን አለ፤ ከዚያ የሚመጣው አይጥ የሴትዮዋን ጨርቅ እንዳይበላ የምትጠብቅላት እሷ ነበረች፣ ያውም ያለ ምስጋና። አሁን ውሃዋም ምግቧም እኔ ጋ ነው፤ ምን ልታደርግ ትሄዳለች? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማንጠግቦሽ በመጥረጊያ ወለሉን እየደበደበች፣ «ውይ! ጨረሱኝ!» ስትል መስማት ጀመርኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቴን ነው፣ ሬዲዮዬን ዘግቼ ነበር የማዳምጣት።

አንድ ጠዋት መጣች። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ደርሶ ሰባት ቀሚስ ተቀብላ ኖሮ ሁለቱን አይጥ በልቶባታል። በእጇ የያዘችው ደረቱ ላይ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው።

«ሲስተር፣ ሻሼን እስከ ምርቃቱ ብቻ ይስጡኝ። ስሜ ጠፋ፤ ከእንግዲህ ማን እኔ ጋ ልብስ ያሰፋል?»

«ተንበርከኪ» አልኳት።

«ምን አሉኝ?»

«ጠብታው ስር ተንበርከኪና መዳፍሽን ዘርጊ። ከእጅሽ ከጠጣች ውሰጃት። ካልጠጣች ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ቀሚሱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች። ተመስገን፣ አየኋት! መዳፏ ላይ ውሃው ሞላ። እኔ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ይቺ ድመት የፈላ ውሃ የደፋባትን ሴት ትረሳለች? በፍጹም! አሁን ትቧጭራታለች፣ እኔም በሩን አሳያታለሁ።

ሻሼ መጣች። አሸተተች። ጎንበስ አለችና ጠጣች። ጨርሳም ጣቶቿን ላሰችላት።

ማንጠግቦሽ «ይቅር አለችኝ፣ ይቅር አለችኝ» እያለች አለቀሰች። ምን ይቅርታ አለ እዚህ! ከጠብታ ስር የተዘረጋ መዳፍ እንደማይጎዳ ስድስት ቀን ተንበርክኬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔው በገዛ እጄ! ደሜ ፈላ።

ቃል ሰጥቻለሁና «ውሰጃት» አልኩ። ሻሼን አቅፋ፣ ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«ሲስተር፣ እርስዎስ?»

«እኔ ድመት አይደለሁም» አልኳት።

በሩን ዘጋሁት። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ድረስ ጠብታው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ቆሜ አየሁት፤ የሚጠጣው አልነበረም።