የማክሰኞው ዶሮ

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤቴን ለደንበኛ ዘጋሁት። ሃዒር ሃዓቲቃ በሚሉት አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለች፣ አምስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ቤት ናት። ከኤመቅ ሳራ ፋብሪካዎች የሚመጡት ሠራተኞች በሩን ገፍተው ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። ይመለሱ። የልጄ ነገር የሚያልቅበት ቀን ነው።

ልጄ ኔሪያ ሃዳር የምትባል ልጅ ሊያገባ ይፈልጋል። እሷን ያሳደጓት አያቷ አባባ አያልነህ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ የአይሁድ ሃይማኖታቸውን አንድ ቀን እንኳ ያልለቀቁ ሰው። እኛ ደግሞ አያቶቻችን ክርስትና ተነስተው፣ እኛም በዚያው አድገን፣ እዚህ ከደረስን በኋላ በጊዩር፣ ወደ አይሁድነት በሚገባበት ሥርዓት፣ የተመለስን ነን። ባለፈው ወር ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ልጆቹ አይዛመዱም ብለዋል። የቀረው አባባ አያልነህ ከእኔ ገበታ መብላታቸው ነበር። ከበሉ ሰርግ አለ። ካልበሉ የለም፤ ሃዳር እሳቸውን አስቀይማ እንደማታገባ ራሷ ነግራኛለች።

ቱግ ማለት አመሌ ነው። ያን ቀን ግን አፌን እይዛለሁ ብዬ ለኔሪያ ማልኩለት። ሽንኩርቱን ከንጋት ጀምሬ በዘይት አቁላላሁ፤ እዚህ ቅቤና ስጋ አይገናኙም። ፈረሰኛውን ለአባባ፣ ሁለቱን ታፋ ለልጆቹ አድርጌ፣ ሽሮና ጎመን ጨምሬ በአንድ ትሪ አቀረብኩላቸው። እኔ ላስተናግድ ቆምኩ።

አባባ ባርከው ጀመሩ። ሽሮ። ጎመን። ደግሞ ሽሮ። በእሳቸው በኩል ያለው እንጀራ አልቆ የትሪው ቆርቆሮ ታየ፣ ፈረሰኛው ግን እንዳለ ነው።

«አባባ፣ ዶሮው ምን አጠፋ?» አልኩ፣ ለይምሰል እየሳቅሁ።

«ጥርስ የለኝም ልጄ። ስጋ ትቻለሁ።»

«ሳባ፣ ለሻባት ዶሮ በልተህ የለም እንዴ?» አለቻቸው ሃዳር አያቷን በዕብራይስጥ፤ ሻባት ሰንበት ነው።

ሽማግሌው ጣታቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺን ለማስቀየም አይደለም። እኛ አገራችን ሳለን ከክርስቲያን እጅ ስጋ አንበላም። አሁን መመለሳችሁን አውቃለሁ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ።»

ደሜ ፈላ። ክርስቲያን፣ ያውም በገዛ ቤቴ። መሐላዬን ረሳሁት።

«እዚያ ፈላሻ ናችሁ ተብለን ተገፋን፤ እዚህ ክርስቲያን ናችሁ? የት እንግባ አባባ? ምግቤ በሕጉ የተሠራ ነው የሚለው የካሽሩት ወረቀት ይኸው ግድግዳው ላይ ነው። ዶሮውን የገዛሁት እርስዎ ከሚገዙበት ስጋ ቤት ነው፤ ትናንት ጠዋት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ያረደው አንድ ሰው ነው። ታዲያ የሚያረክሰው የእኔ እጅ ነው?»

አባባ ውሃቸውን አንስተው ጠጡ።

«ኢማ፣ ዳይ» አለኝ ኔሪያ። እማዬ፣ በቃሽ ማለቱ ነው።

ወደ እሱ ዞርኩ፣ ያኔ ነው ትሪውን በደንብ ያየሁት። ሃዳር ፊት የተጋጠ አጥንት አለ፤ አያቷ እያዩዋት በልታዋለች። ኔሪያ ፊት ታፋው እንዳወጣሁት ተቀምጧል። ሽሮውን ጨርሶታል። ጎመኑንም ጨርሶታል። ሃያ አራት ዓመት ከዚህ እጅ የበላ ልጅ።

«አንተስ?» አልኩት።

«ኢማ፣ ሎ አክሻቭ።» አሁን አይደለም አለኝ፣ አቀርቅሮ።

ንዴቴ ከሽማግሌው ላይ ተነስቶ ወደ ልጄ ዞረ። እሳቸውስ ፊት ለፊት ነገሩኝ። ታፋውን ፈልፍዬ በእንጀራ ጠቀለልኩና አፉ ድረስ ወሰድኩለት። የእናት ጉርሻ እምቢ አይባልም። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ቀና ብሎ አባባ አያልነህን አያቸው።

እጄን መለስኩ። ራሴ ጎረስኩትና እንደቆምኩ አላምጬ ዋጥኩት።

«ጨዋ ልጅ ነው፤ አክብሮኛል» አሉ አባባ አያልነህ። «ልጄን ሰጥቼዋለሁ።»

ኔሪያ ፊቱ በራ። ሃዳር ግን እሱንም አያቷንም አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አልኩ። «የሰርጉን ወጥ የሚሠራ ሰው ፈልጉ።» የኔሪያ እጅ ገና እንጀራው ላይ እያለ ትሪውን አነሳሁት።