ሊማሊሞን ሳይወርዱ

ሳሊም የሟች ወንድሙን ሚኒባስ ሞተር ሲያስነሳ፣ ረህማ ከሴቶቹ መሀል ሆና ሰማችው።

ባሏ ሸሀቡ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሊማሊሞ በታች፣ ከአዲአርቃይ የመጡት ለቅሶ ደራሾች መመለሻቸው ደርሷል፤ አሮጊቷን አክስቱን ፈይዛን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው። ሳሊም ደግሞ «የወንድሜ እንግዳ በሰው መኪና አይሄድም» ብሎ ምሏል። ሴቶቹ በሹክሹክታ ይመርቁታል። ረህማ ግን አሁን ምርቃት የሚሰማ ጆሮ የላትም።

ሸሀቡ ከደባርቅ ሊማሊሞን ሲወርድና ሲወጣ ሃያ ዓመት ኖረ፤ አንድ ሰው አልተጫረበትም። ሌላው ሾፌር የፍሬን ዘይት ሲጎድል ይጨምራል፤ እሱ ሙሉውን በየሁለት ዓመቱ አውጥቶ ይደፋዋል። አባካኝ ነህ ብላ ስታሾፍበት እንዲህ ይላት ነበር፦

«ይህ ዘይት ሲቆይ ውሃ ይጠጣል፣ ረህሚ። ሜዳ ላይ ምንም አይልሽም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ሲግል ግን ውሃው ይፈላል፤ ያን ጊዜ ብትረግጪ እግርሽ ወለል ይነካል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

የመጨረሻውን ከቀየረ ግን አራት ዓመት አለፈው። ኩላሊቱ አልጋ ላይ ጣለው፤ «ስነሳ እቀይረዋለሁ» እንዳለ መኪናዋ ሁለት ክረምት ግቢ ቆመች። እሱም አልተነሳ።

ረህማ ሻርፗን አጥብቃ ወደ ግቢው ወጣች። ወንዶቹ ዞረው አዩዋት። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትርቅም፣ ወንዶች መሀል ምን አመጣት? እሷ ግን ሳሊምን ጠርታ የፍሬን ዘይቱ አራት ዓመት እንዳልተቀየረ ቀስ ብላ ነገረችው። ኮፈኑን ከፍቶ አሳያት። ጠዋት ራሱ ጨምሮበት ጢም ብሏል። ፔዳሉንም ረገጠው፤ ድንጋይ ነው።

«ሙሉ ነው እኮ፣ እትዬ። ሀዘኑ ነው የሚያስፈራሽ።»

እውነቱን ይሆን? በሰው ፊት የባሌ መኪና አይታመንም ማለት የሟችን ስም ማጉደፍ አይሆንም? ወደ ውስጥ አየች። ፈይዛ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ረህማ የፊቱን በር ከፍታ ገባች።

«እንግዲያው እኔም አብሬ እወርዳለሁ።»

«ኢዳሽን አፍርሰሽ?»

«ሸሀቡ ከሞተ በኋላ ሰው ፈጀ ከሚባል፣ አብሬያቸው ልለቅ።»

ሳሊም ሞተሩን አጠፋ። እንግዶቹ አንድ ቀን እንዲያድሩ ተለመኑ፤ እሱም ሄዶ መካኒኩን ሙሌን ይዞ መጣ። ሙሌ ከኋላ ጎማ የዘይት ማውጫ ቡሎኗን ሲያላላ የወጣው ዘይት ጥቀርሻ መስሏል።

«ይኸ ነው ዛሬ ሊማሊሞን ሊወርድ የነበረው?» አለ። ሳሊም መሬት መሬት አየ።

አዲሱ ዘይት ሲሞላ ቱቦው ውስጥ የገባው አየር እስኪወጣ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል። ረህማ ማንንም ሳትጠይቅ መሪው ጋ ወጣች፤ ለሸሀቡም የምትረግጥለት እሷ ነበረች። ያኔ ወንበሩን ወደፊት ይስብላት ነበር። ዛሬ ወንበሩ የእሱ ረጅም እግር በተወው ቦታ ነው፤ እግሯ አልደርስ አለ። ሳሊም ሊስብላት ጎንበስ ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው። እንዳለ ይሁን።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንሸራታ መጣች፣ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ረገጠች።