ሁለት መስመር ነዳጅ

ሀይረዲን ያቺን ሀይብሪድ መኪና የገዛ ሰሞን ብሎካችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ መርካቶ የመኪና ዕቃ ይነግዳል። ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ያስተምረኛል። ከስምንተኛ ክፍል ቀጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባሁ ሴት፣ ባትሪና ቤንዚን እንዴት ተራ እንደሚገቡ ከእሱ ተማርኩ።

«እትዬ አደሴ፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ሌላው ሰው ቤንዚኑን ያቃጥላል። የእኔዋ ሞተሯን አጥፍታ በባትሪ ትሳባለች። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ባትሪዋን ትሞላለች። በሊትር ሃያ ኪሎሜትር ነው የምትሄደው።»

«እንግዲያው መንገዱ እንዳይከፈት ጸልይ» እለዋለሁ።

«ከከተማ ስወጣማ ሃያ አምስትም ሠላሳም ትሄድልኛለች።»

በዚህ ማንም አልተከራከረውም። ሹፌር የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ነፍሱን ይማረውና የባሌ የጭነት መኪናም ከተማ ውስጥ ሲጠጣ ውሎ ሀገር ሲወጣ ይጠግብ ነበር።

በ2009 ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ እሱ ዘንድ የሚኖሩት አባቱ በድንገት አረፉ። አጎቱ ሐጂ ሙህሲን ሰዓቱን ቆረጡ፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ። በእነሱ ወግ ሬሳ አያድርም። እህቱ መርዋ ግን ያለችው አዳማ ነው። ለኢድ እመጣለሁ ብላ ልጇ ታሞባት ቀርታለች። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ የአባቷን ፊት ማየት አለባት።

ስልክ እንዳይደወልላት ተስማማን። መርዶ በስልክ ሰምታ ብቻዋን አውቶቡስ ትሳፈር ብሎ ማን ይጨክናል? ሀይረዲን ሄዶ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል» ብሎ ያመጣታል። እኔም ሴት ከጎኗ ትኑር ተብሎ አብሬው ሄድኩ።

ማደያው ጋ ስንደርስ የነዳጅ ወረፋው አስፋልቱን ይዞታል። ከነዳጅ ማሳያው አሥር መስመሮች ሁለቱ ቀርተዋል።

«ሁለት መስመር ለእሷ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ደርሶ መልስ ይበቃናል» አለና አለፈው።

«ይቺ መኪናህ ከእኔ የባሰች ጾመኛ ናት» አልኩት፣ ትንሽ ቢፈታልኝ ብዬ። ፈገግ አለ። ዓይኑ ግን ፍም መስሏል።

የፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ቁልቁል ነው። አንዷ መስመር የጠፋችው አዳማ መግቢያ ላይ ስለነበር «አላልኩሽም?» አለኝ።

መርዋ አልቸኮለችም፤ ለምን ትቸኩል? ልጆቿን ጎረቤት አስቀመጠች። ቀጥሎ ደግሞ «አባባ የአዳማን ፓፓያ ይወዳሉ» ብላ ገበያ ወሰደችን። እየመረጠች፣ አንድ በአንድ በጣቷ እየጫነች። ሀይረዲን ሰዓቱን ያያል፤ ቢያጣድፋት ነገሩን ታውቅበታለች። ዝም ብሎ ፌስታሉን ተሸከመላት። ነዳጅ ሊቀዳ የሚችልበት ሰዓት እዚያ አለቀ።

ስንመለስ መቶ ሃያ ላይ ነበር የሚነዳው፤ ዳገቱንም እንደዚያው። ቢሾፍቱን ገና እንዳለፍን አንድ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ትንሽ በባትሪ ተሳበች። ከዚያ ያለ ድምፅ ዳር ላይ ቆመች። ቱሉ ዲምቱ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ይቀረናል። ግራ ቀኙ አጥር ነው፤ ማደያ የለም፤ በእግር መሄድም ክልክል ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀምሯል።

ሀይረዲን መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ከአዳማ እስከዚህ አንዴ እንኳ ፍሬን አልያዝኩም» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ባትሪዋ በምን ይሞላ? ሞተሩ ብቻውን ነው የጎተተን። ከተማ ስለሆነ ነበር የምትቆጥበው እንጂ…»

አልጨረሰውም። ስልኩ ጮኸ፤ ሳያስብ አነሳው። በዚያች በተማረች መኪና ስልክ ሲነሳ ድምፁ የሚወጣው በሬዲዮው ነው።

«ሀይረዲን» አሉ ሐጂ ሙህሲን፣ መኪናውን በሞላ ድምፅ። «የት ደረሳችሁ? ዙህር ተሰገደ። እዚህ ዝናቡ ከብዷል፤ ጉድጓዱ ውሃ እየያዘ ነው፤ የአቃቂ መቃብር አፈሩ ዋልካ መሆኑን ታውቃለህ፣ ጠርዙ መናድ ጀምሯል። ታላቁ አንተ ነህ። እንቅበር ወይስ እንጠብቅ?»

ሀይረዲን ሊያጠፋው እጁ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይነካል።

«ማንን ነው የሚቀብሩት?» አለች መርዋ።

ለዚህች ሰዓት ነበር ከጎኗ እንድሆን የተላክሁት።  እጇን ብይዘው መነጨቀችኝ። የወንድሟን ማጅራት አየች፤ ሲንቀጠቀጥ እያየችው ገባት።

«አጎቴ» አለ ሀይረዲን በለቅሶ፣ «ጠብቁን። እባካችሁ ጠብቁን። ቢሾፍቱን እንዳለፍን ነዳጅ አልቆብኝ ነው፤ መኪና ላኩልን።»

«መኪናውማ ይላካል፤ ግን ቢሾፍቱ ድረስ ሄዶ ዞሮ እስኪመጣ፣ እስኪመልሳችሁ… ጉድጓዱን ምን ልበለው ልጄ?»

መርዋ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ፊት አጎነበሰች።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ፤ መርዋ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ውሃው ይብሳል?»

«ይብሳል ልጄ።»

«እንግዲያው አትጠብቁኝ። አባባን ውሃ ላይ እንዳታስተኙብኝ።»

ሐጂ ሙህሲን ዱዓ አደረጉና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን አልጽፈውም። እኔ ያወቅኩት፣ ሀይረዲን አንዴም ዞሮ ሊያያት እንዳልቻለ ነው። ይቅር በይኝ ሊላት ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ ተወው።

ለቅሶው ሲደክማት ትከሻው ላይ እጇን ጣለች።

«ጠዋት አይተሃቸዋል አይደል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እስቲ ንገረኝ፤ እንዴት ነበሩ?»

ዝናቡ መስታወቱን ዘግቶት ውጪው አይታይም። 

«ኮፍያቸው ያሰመረው መስመር ግንባራቸው ላይ አለ» አላት። «ግራ ቅንድባቸው ከፍ ብሏል፤ በዕቃ ዋጋ ሲከራከሩ እንደሚያደርጉት።»

«አፋቸውስ?»

«ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋላቸው?»

«እኔ።»

 መርዋ ጭንቅላቷን የወንበሩ ጀርባ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«በል እንደገና ከግንባራቸው ጀምር» አለችው። «ቀስ እያልክ።»

እሱም ጀመረላት።