የንጋት ዋስ

በእነ ንጋት ሰፈር ሰው አመሉን ልተው ሲል ብቻውን አይምልም፤ ዋስ ይጠራል። መጠጥ የሚተውም ሆነ ጠብ የሚተው፣ በንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ «ዋሴ እገሌ ነው» ካላለ ቃሉ ከቃል አይቆጠርም። ዋሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዘነብል ይደግፈዋል፤ ቢወድቅ አብሮ ይጠየቃል። የሥጋ ዘመድ ዋስ አይሆንም፤ ዘመድ ያደላልና።

ንጋት ዋስ የጠራችው ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ልትተው ነው። ላሊበላ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት የምትቀበለው ሰው አጥታ ስትቀመጥ፣ አብሮ አደጓ ፍቅርአዲስ ያንን ነገር ከአዲስ አበባ ይዛላት መጣች። «ጭስ እኮ አይደለም፤ ተን ነው» አለቻት። ተኑም ውሎ አድሮ ንጋትን ያለ እሱ ከአልጋ የማትነሣ፣ ያለ እሱ የማትተኛ አደረጋት። አንድ ቀን እናቷ ዓይናዲስ ትራስ ሥር አገኘችውና የከንፈር ቀለም መሰላት። ብታሸተው ሐብሐብ ሐብሐብ አላት። ብትስበው ሳል ያዛትና የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ድረስ ሳለች። ሳሉ ሲተዋት በቀጥታ ወደ አባ ተክለ ሚካኤል ሄደች።

አባም ንጋትን ጠርተው አናገሯት፤ የነቢያትን ጾም ይዛ እስከ ገና እንድትጸና፣ ገና ሲያልፍ ዋሷ ቀርቦ እንዲመሰክርላት ቃል አስገቧት። «ዋስሽን ጥሪ» ሲሏት ፍቅርአዲስን ጠራች። ሌላ ሰው መጥራት ምስጢሩን ለሌላ ሰው መንገር ነበር፤ ላሊበላ ደግሞ ላይ ሰፈር ላነጠሰ ታች ሰፈር «ይማርህ» የሚባልባት ከተማ ናት። ፍቅርአዲስም መጥታ «እኔ ዋሷ ነኝ» አለች። እሷም የራሷን እንደጣለች ተናገረች። ሁለት ነገርም መከረቻት፤ ቲክቶክን ከስልኳ እንድታጠፋ፣ የሚያጨስ ሰው ስታይ እንዳያምራት፤ ባማራት ቁጥር ደግሞ ስሜቷን በድምፅ ቀድታ እንድትልክላት።

ንጋት እንደተባለችው አደረገች። ሲያምራት ወደ ሆቴሉ ጓሮ ትወጣና ሆድ ዕቃዋን ዘርግፋ ትልክ ነበር፤ እጇ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በትንሽ በትልቁ እንግዳ እንደምትቆጣ፣ እናቷ ትራስ ሥር ስታገኘው ምድር ብትውጣት እንደወደደች። መልሱ አይዘገይም። አንድ ቀን የመጣላት መልስ እንዲህ ይል ነበር፦ «አብሽሪ እህቴ፤ አምሮት እንደ እንግዳ ነው፤ ወንበር ካልሰጠሽው ቆሞ ቆሞ ይሄዳል።» ንጋት ይህን ስታነብ እንባዋ መጣ። እንግዳ ለምትቀበል ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ ባማራት ቁጥር «ወንበር የለም» እያለች ትስቅና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል ንጋት ፍላቂት ከተማ ያለች አክስቷን ጠይቃ ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ጋሸና ላይ ቆመ። ገብታ በየዓይነቱ ያዘዘችበት ቤት አስተናጋጅ፣ ሪሃና የምትባል ልጅ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ዓይኗን ትጠርጋለች። ንጋት ምን ሆነሽ ብትላት ስልኩን ወደ እሷ አዞረችው።

«የናንተው አገር ልጅ ናት፤ አታውቂያትም? ወንድሜ ሐምዳን በሷ ሰበብ ነው ቬፕ የተወው፤ አላህ ይስጣት።»

ስልኩ ላይ ፍቅርአዲስ ታለቅሳለች። እጇ እንደሚንቀጠቀጥ ትናገራለች። ትራስ ሥር ስላገኘችው እናቷ ትናገራለች። የፍቅርአዲስ እናት ግን ገና በልጅነቷ ነው የሞተችባት። ንጋት እንጀራውን ትታ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ቃሉ ሁሉ የእሷ ነው፤ ጓሮ ቆማ ስትልክ የተነፈሰችው ትንፋሽ እንኳ አልቀረም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከልብ ሳያለቅሱም እንደማይገድም ያን ዕለት አየች።

ሚኒባሱ ውስጥ ቲክቶክን መልሳ ጫነችና እስከ ላሊበላ ድረስ አነበበች። ቲክቶክ ላይ መተው እንደ ሠርግ ነው፤ አዋጅ አለው፣ እልልታ አለው፣ አጃቢ አለው። አንዱ ቬፑን በድንጋይ ሲፈጭ ይቀረጻል። ሌላዋ «ትናንት ወደቅኩ፣ ዛሬ ተነሣሁ» ትላለች፤ ሕዝቡም ልብ ይረጭላታል። ንጋት ልታፌዝባቸው አልቻለችም፤ የእውነታቸውን ነው የሚያወሩት። ከፍቅርአዲስ ቪዲዮ ሥር ሸዕባን የሚባል ሰው የጻፈውን ስታይ ግን መልሳ አነበበችው። «አብሽሪ እህቴ፤ አምሮት እንደ እንግዳ ነው፤ ወንበር ካልሰጠሽው ቆሞ ቆሞ ይሄዳል።» ወደ ታች ወረደች። ያጽናናት ቃል ሁሉ እዚያ ተደርድሮ አገኘችው። ፍቅርአዲስ የንጋትን ጭንቀት ለማያውቋት ሰዎች ትዘረግፋለች፤ የሰዎቹን ማጽናኛ ቀድታ ለንጋት ትልካለች። ከራሷ አንዲት ቃል አላወጣችም። ንጋት መስኮቱን ተደግፋ ከላሊበላ አልፋ ብልባላ የምትሄድ ሴትዮ አጠገቧ እያለች አለቀሰች፤ ሴትዮዋም የሞተባት ሰው ያለ መስሏት «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ለፍቅርአዲስ ምንም አልላከችም። ባማራት ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ወንበር ነሣችው፤ ቃሏ ለአባ ነበርና ጾሙን እንደምንም ዘለቀችው።

ገና አልፎ ተሳላሚው ሁሉ ሲሸኝ፣ አባ ተክለ ሚካኤል ምስክሩን ሊሰሙ እነ ንጋት ቤት መጡ። ፍቅርአዲስም መጣች። ንጋት በር ላይ ስትቀበላት ፍቅርአዲስ አቀፈቻት፤ ከነጠላዋ ሐብሐብ ሸተተ።

«ጋሸና ላይ ስልክ ውስጥ አየሁሽ» አለቻት ንጋት ቀስ ብላ።

ፍቅርአዲስ ወደ ውስጥ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስምሽን እኮ አልጠራሁም። አንቺ መሆንሽን አንድም ሰው አያውቅም።»

«ብትጠሪው ይሻለኝ ነበር። ቢሰድቡኝም የሰደቡት እኔን ይሆን ነበር።»

አባ ከውስጥ ተጣሩ፤ ገቡ። ጸሎት ተደርጎ ሲያበቃ አባ ወደ ፍቅርአዲስ ዞረው ልጅቱ ቃሏን ጠብቃ እንደሆነ ጠየቁ። ፍቅርአዲስ ቪዲዮው ላይ በምታወጣው በዚያ በለሰለሰ ድምፅ መጠበቋን መሰከረች። ዓይናዲስ ደስታዋን መያዝ አቃታት። አሁን የሚቀረው ንጋት ተነሥታ የዋሷን ትከሻ መሳም ነው፤ ደንቡ በዚያ ይዘጋል። ንጋት ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ዋስ አልነበረኝም አባ» አለች።

አባ መስቀላቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ያዘሽ?»

«የማላውቃቸው ሰዎች።»

ይህን ብላ ፍቅርአዲስን አየቻት። እውነቱን ራሷ ብትናገረው፣ ግማሹን እንኳ ብትናገረው፣ እዚያው ይቅር ልትላት ልቧ ተዘጋጅቶ ነበር። ፍቅርአዲስ የነጠላዋን ጥለት እያፍተለተለች ምንጣፉን ታያለች። ጭኗ ላይ ያለው ስልክ ይነዝራል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነዝራል።

«ያለ ዋስ የተገባ ቃል ቃል አይደለም ልጄ» አሉ አባ በሐዘን። «እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። በይ፣ ዋስ ጥሪ።»

ዓይናዲስ ፍቅርአዲስን፣ ከዚያም ልጇን አየች። ፍቅርአዲስ ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

«የምጠራው ሰው የለኝም አባ» አለች ንጋት።