ሳቂ የተባለችው ልጅ

ሹፌሯ እሑድ የምታርፈው በወር አንዴ ብቻ ነው። በሌሎቹ እሑዶች አውቶቡሷን እየነዳች የሌላ ሰው ልጆችን መናፈሻው በር ላይ ታወርዳለች። እየተንጫጩ ሲገቡ በመስታወቱ እያየች «የእኔዎቹስ?» ትላለች። ስለዚህ የዕረፍቷ እሑድ ሲደርስ ፀሐይዋ ሳትበረታ ሁለቱን ልጆቿን አለባበሰች፤ ባሏንም ከነብርድ ልብሱ ጎትታ አስነሣችው።

ባሏ የሂሳብ መምህር ነው። ነገር ከመፍራቱ የተነሣ ሰው እግሩን ቢረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ትልቋ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሹ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማያውቅ ቁንጫው ይሉታል።

በሩን እንዳለፉ ልጆቹ ወደ ዥዋዥዌው በረሩ። ቁንጫው ገና ሰንሰለቱን ከመያዙ፣ «ያንን ልጅ አንሡልኝ!» የሚል ድምፅ በማጉያ አንባረቀ። አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጥቶ ልጁን በብብቱ ሥር አንጠልጥሎ ከገመድ ውጭ አስቀመጠው። ለካ መጫወቻው ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል።

ሹፌሯ ደሟ ፈላ። «ምን አድርጎ ነው እንደ ዕቃ የምታነሣው?»

«ማስታወቂያ እየቀረጽን ነው እህቴ» አላት ጎረምሳው። «የጭማቂ ማስታወቂያ። ቤተሰብ በዕረፍት ቀን ሲዝናና የሚያሳይ።»

«እኛስ ምን ልንሠራ የመጣን መሰለህ?»

ባሏ ክንዷን ነካ አደረጋት። «ተይ እባክሽ፣ ጥላው ሥር እንቀመጥ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ያለውን ሰው ግን ነቀዝ ይጨርሰዋል!»

ከገመዱ ውጭ ሌሎችም ወላጆች ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ይበልጥ ያናደዳት ይኸው ነው። በሩ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ሄደች።

«አባባ፣ መጫወቻውን ማን ሰጣቸው?»

ዘበኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «የተፈቀደላቸው እንኳ ከዛፎቹ ሥር ነበር፣ ልጄ። ፀሐዩ እዚያ አያምርም ብለው ነው የመጡት።»

«ታዲያ ዝም አሏቸው?»

«ትልቅ መኪና ይዘው ሲመጡ ምን ልበል?»

ስትመለስ ዥዋዥዌው ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ከቁንጫው የማትበልጥ ልጅ ተቀምጣለች። የቀረጻው ዳይሬክተር ማጉያውን አፉ ላይ ደግኖ «ሳቂ! እንደገና! ጥርስሽ ይታይ!» ይላታል። ልጅቷ ትስቃለች። ቀረጻው ይቆማል፤ ደግሞ ሳቂ ትባላለች። እጇ ላይ የጭማቂ ጠርሙስ አለ፤ ግን ጭማቂው ጎድሎ በቀረጻው እንዳይታይ ተብሎ እንዳትቀምሰው ተከልክላለች። ከንፈሯ ደርቋል። ሰባተኛው ሳቅ ላይ አፏ እንደተከፈተ ቀረና ለቅሶ ሆነ።

«አቁሙ! ፊቷን ጥረጉላት፤ እንቀጥላለን» አለ ዳይሬክተሩ።

ከገመዱ ጥግ አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳዋን ጨምቃ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ልጅሽ ናት?» አለቻት ሹፌሯ።

«አዎ። እንዳትቀርቢ፣ ስታይሽ ትረበሻለች ብለውኛል።»

«ልጅሽ ውሃ ጠምቷታል፤ አንቺ ደግሞ የጎረቤት ልጅ እንደምታይ ትቆሚያለሽ? ነይ!»

ገመዱን በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። ሴትየዋ አመነታች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ አለፈችና ሮጠች። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ሹፌሯ የውሃ ኮዳዋን አቀበለቻቸው። ልጅቷ ኮዳውን በሁለት እጇ ይዛ ሳትተነፍስ ጠጣች።

ዳይሬክተሩ እየተንደረደረ መጣ። «ሴትዮ፣ ሥራችንን አበላሸሽብን! ማን ፈቀደልሽ?»

«ለአንተስ ማን ፈቀደልህ? ቦታህ ዛፉ ሥር ነው፤ ዘበኛው ነግረውኛል።»

«ሁለት ሰዓት ብቻ...»

«የእኔ ዕረፍት በወር አንድ ቀን ነው! የልጄን ጨዋታ ነጥቀህ የሰው ልጅ እያስለቀስክ፣ ቤተሰብ ሲዝናና ብለህ ልታሳየን? ዓይንህን በጨው አጥበህ!»

ያን ጊዜ ነገር ፈሪው ባሏ ወደ ገመዱ ሄደና ቋጠሮውን ፈታው። ሌሎቹ ወላጆች ተያዩ። ትልቋ ልጅ ቀድማ ገባች፤ ከኋላዋ የልጅ ጎርፍ ተከተለ። ዘበኛውም ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና «ወደ ዛፎቹ ሥር፣ ጌቶቼ፣ ወደ ተፈቀደላችሁ» አሉ። ድምፃቸው አሁን ወፍሯል።

ቀራጮቹ እያጉረመረሙ ዕቃቸውን አነሡ። ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ አልተከተለቻቸውም። እናቷ ጫማዋን አወለቀችላት፤ እሷም ከሹፌሯ ትልቋ ልጅ ጋር አሸዋ ስትቆፍር ዋለች።

ባልና ሚስት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሹፌሯ ብርቱካን ትልጣለች፤ መላጥ ሳይሆን መቦጨቅ ነው የያዘችው።

«አሁንስ ምን ሆንሽ? ልጆቹ ገብተዋል እኮ» አላት ባሏ።

«መግባታቸውን አያለሁ። የራሳችን የሆነውን ለማግኘት ለምን መጮህ አስፈለገኝ?»

መምህሩ የተቦጨቀውን ብርቱካን ተቀብሎ ለሁለት ከፈለና ትልቁን ግማሽ መልሶ ሰጣት።